ከእንቴቤ እስከ አቡ ዳቢ፦ የሴቶቹ ማጣሪያና የልጄ ወረቀት

ክሪኬትን ብዙዎቻችን የምናውቀው ከህንዶች ሱቅ ነው። ናይሮቢ ይሁን ካምፓላ፣ ዱባይም ብትሄዱ፣ ዕቃ ልንጠይቅ ገብተን ባለሱቁ ዓይኑን ከቴሌቪዥኑ ሳይነቅል ዋጋ የነገረን ጊዜ ጥቂት አይደለም። ሰዎቹ ሜዳው ላይ ተበታትነው ቆመዋል፤ አንዱ ሮጦ ኳስ ይወረውራል፤ ሌላው በጠፍጣፋ እንጨት ይመታል፤ ከዚያ ሁሉም ተመልሶ ይቆማል። አንድ ጊዜ ካምፓላ ውስጥ ጆንያና ፌስታል የምገዛበትን ሰውዬ «ይሄ ነገር መቼ ነው የሚያልቀው?» ብለው «ከነገ ወዲያ፣ ኛቦ» አለኝ። የቀለደብኝ መስሎኝ ነበር። ለካ አምስት ቀን የሚፈጀው ዓይነት ነው።

ወደዚህ ነገር ያስገባችኝ ልጄ ናት። ካምፓላ ተወለደች፣ ካባላጋላ አደገች፤ አማርኛዋ ደህና ነው፣ ሉጋንዳዋ ግን ከሁላችንም ይበልጣል። ትምህርት ቤቷ የሴቶች ክሪኬት ቡድን አለው። ኡጋንዳ ውስጥ ይሄ ብርቅ አይደለም፤ ሴት ልጆች በትምህርት ቤት ደረጃ ይወዳደራሉ። መጀመሪያ ጊዜ ማሳለፊያ ነው ብዬ ዝም አልኩ። ቅዳሜ ከሱቅ መቅረት ስትጀምር ግን ነገሩ ከበደኝ። ቅዳሜ ሽሮውም በርበሬውም ቡናውም የሚወጣበት ቀን ነው፤ ምግብ ቤቶቹ ለእሁድ የሚገዙት ያን ዕለት ነው። «እማዬ፣ አንድ ቀን መጥተሽ ብታዪን» ትለኛለች። «ሥራ ፈት ነኝ እንዴ?» እላታለሁ።

በፈረንጆቹ ዲሴምበር 2023 ግን ውድድሩ ራሱ ወደ ደጃችን መጣ። የሴቶች የዓለም ዋንጫ የአፍሪካ ማጣሪያ እንቴቤ ላይ ተካሄደ። ስምንት አገር ነው የመጣው፦ ኡጋንዳ፣ ኬንያ፣ ታንዛኒያ፣ ሩዋንዳ፣ ዚምባብዌ፣ ናሚቢያ፣ ቦትስዋናና ናይጄሪያ። ደቡብ አፍሪካ የለችም፤ እሷ በቀጥታ ከሚገቡት ትላልቆች ናት። ከስምንቱ የሚያልፉት ሁለት ብቻ ናቸው። የሚያልፉትም ወደ ዓለም ዋንጫው አይደለም፤ አቡ ዳቢ ላይ ወደሚደረገው ሌላ ማጣሪያ ነው። እዚያ ደግሞ አሥር ቡድን ይጠብቃል፤ ያለው ቦታ አሁንም ሁለት ነው። ልጄ ይሄን ስታስረዳኝ ከሞያሌ ካምፓላ የምንመጣበት መንገድ ነው የታየኝ፤ አንዱን ኬላ አልፌያለሁ ስትሉ ሌላው ፊታችሁ ይቆማል።

ጨዋታውን የማታውቁ ካላችሁ በአጭሩ ልንገራችሁ። ይሄኛው ቲ 20 የሚባለው አጭሩ ዓይነት ነው፤ በሦስት ሰዓት ገደማ ያልቃል። አንዱ ቡድን 20 ኦቨር ይመታል። አንድ ኦቨር 6 ኳስ ስለሆነ በጠቅላላው 120 ኳስ ነው። በዚያ ውስጥ የቻለውን ያህል ራን ይሰበስባል፤ ራን ማለት ነጥብ በሉት። 10 ዊኬት ከወደቀበት፣ ማለትም አሥር መቺዎቹ ከወጡበት፣ ኳሱ ሳያልቅ ተራው ያበቃል። ከዚያ ሌላው ቡድን ገብቶ ያንን ቁጥር ለማለፍ ይሞክራል።

ለእኛ ለነጋዴዎች የሚጥመው ግን ሂሳቡ ነው። በምድቡ ውስጥ ሁለት ቡድኖች በነጥብ እኩል ሲሆኑ «ኔት ራን ሬት» የሚሉት ነገር አለ። በአንድ ኦቨር በአማካይ ካስቆጠራችሁት ላይ በአንድ ኦቨር በአማካይ የተቆጠረባችሁን ትቀንሳላችሁ። በ20 ኦቨር 120 ካገኛችሁ 6 ነው፤ ተቃራኒያችሁ በ20 ኦቨር 80 ካገኘ 4 ነው፤ ትርፋችሁ 2። ስለዚህ ማሸነፍ ብቻውን አይበቃም፤ በስንት እንዳሸነፋችሁም ይቆጠራል። አንዲት ተንኮል ደግሞ አለችበት። አሥሩም ዊኬት በ12ኛው ኦቨር ላይ ቢወድቅባችሁ፣ ያገኛችሁት የሚካፈለው ለ12 አይደለም፣ ለሙሉው 20 ነው። ገበያው በግማሽ ቀን ቢዘጋባችሁም የቀኑን ኪራይ ሙሉውን ትከፍላላችሁ ማለት ነው። ይሄን ስትነግረኝ ከት ብዬ ሳቅሁ፤ የማውቀውን ነገር ነው የነገረችኝ።

የፍጻሜው ዕለት አብሬያት ሄድኩ። ከካምፓላ እንቴቤ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ሩቅ አይደለም፤ ታክሲው ውስጥ ግን ተጨናንቀን ነው የደረስነው። ዳቦ ቆሎ ይዤ ነበር፤ ጥላ ፈልገን ተቀመጥን። ኡጋንዳና ዚምባብዌ ነበሩ። ዚምባብዌ አሸነፈች። ልጄን ቀና ብዬ አየኋት፤ ፊቷ አልጠቆረም። «ተሸነፋችሁ እኮ» ስላት «እማዬ፣ ቲኬቱ እኮ ተቆርጧል!» አለችኝ። ያኔ ነው የገባኝ። ወደ አቡ ዳቢ የሚሄዱት ሁለቱ የፍጻሜ ቡድኖች ስለሆኑ፣ ሞት ሽረቱ ያለቀው በግማሽ ፍጻሜው ነው። ዋንጫው ለክብር ነው። ዕቃው ጉምሩክ ካለፈ በኋላ የሚቀረው የዋጋ ክርክር እንደሆነው ሁሉ።

አቡ ዳቢ ላይ ግን በኤፕሪል 2024 ሁለቱም አልተሳካላቸውም። ሁለቱን ቦታ ስሪላንካና ስኮትላንድ ወሰዱ። አፍሪካን ያሸነፈችው ዚምባብዌ ቫኑዋቱ ከምትባል የፓስፊክ ደሴት አገር ጋር ተጫውታ በ61 ራን ብቻ ሁሉም ወጥተውባት ተሸነፈች። የቫኑዋቱን ስም እኔ ያኔ ነው የሰማሁት፤ ልጄ ካርታ አምጥታ አሳየችኝ። የዓለም ዋንጫው ራሱ ባንግላዴሽ ሊደረግ የነበረው በአገሪቱ በተነሳው ረብሻ ምክንያት ወደ ኤሚሬትስ ተዛወረ። በ2025 ደግሞ የቀጣዩ ዋንጫ የአፍሪካ ማጣሪያ ዊንድሁክ ላይ ተደርጎ ዚምባብዌና ናሚቢያ አለፉ፤ ኡጋንዳ ቀረች። የዛሬ ሁለት ዓመት በር ያለፈ ዘንድሮም ያልፋል የሚባል ነገር የለም።

እንቅልፍ የነሳኝ ግን ይሄ ሁሉ አይደለም፤ ልጄ የነገረችኝ የ2019ኙ ታሪክ ነው። በዚያ ዓመት በሜይ የአፍሪካው ማጣሪያ ሐራሬ ላይ ተደረገ። የዚምባብዌ ሴቶች በአገራቸው ሜዳ ናሚቢያን በፍጻሜው አሸንፈው ወደ ስኮትላንድ የሚወስደውን ቦታ አገኙ። ከሁለት ወር ገደማ በኋላ፣ በጁላይ፣ የዓለም አቀፉ ክሪኬት ምክር ቤት የዚምባብዌን ክሪኬት ማኅበር አገደ፤ ምክንያቱ መንግሥት በማኅበሩ አስተዳደር እጁን አስገብቷል የሚል ነበር። የገንዘብ ድጋፉ ቆመ፣ ቡድኖቹም ከምክር ቤቱ ውድድሮች ተከለከሉ። ሴቶቹ ስኮትላንድ ሳይሄዱ ቀሩ፤ በእነሱ ቦታ በፍጻሜው ያሸነፏት ናሚቢያ ሄደች። እገዳው በኦክቶበር ተነሳ። የስኮትላንዱ ውድድር ግን በሴፕቴምበር አልቆ ነበር።

ይሄን የምታነቡ ሁሉ ስሜቱን ታውቁታላችሁ። አንድ ጊዜ አንድ ድንበር ላይ አራት ኩንታል በርበሬ ቀረጡ ተከፍሎበት፣ ደረሰኙ እጄ ላይ እያለ፣ ሁለት ቢሮዎች ማን ማኅተም ማድረግ እንዳለበት ሳይስማሙ አሥራ አንድ ቀን ተቀመጠ። ዝናብ ነበር። ዕቃው ሲለቀቅ ጆንያው ሻግቷል። እኔ ያጣሁት በርበሬ ነው፤ በርበሬ በሚቀጥለው ዓመት ይዘራል። እነዚያ ሴቶች ያጡትን ማን ይመልስላቸዋል? ሠርተው፣ ለፍተው፣ ሜዳ ላይ አሸንፈው ያገኙትን በማያውቁት የቢሮ ጠብ ተቀሙ። ለናሚቢያዎቹ ደስ ብሎኛል፤ እነሱም ጥፋት የለባቸውም። እንዲህ ዓይነት ቅጣት ግን፣ እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ ካጠፋው ይልቅ ያላጠፋው ላይ የሚወድቅ ነው።

ታዲያ ዘንድሮ አሰልጣኟ ጠርተው «ከ19 ዓመት በታች ሙከራ አለ፤ ልጅሽን ላኪያት» ሲሉኝ መጀመሪያ ያሰብኩት ወረቀት ነው። እሳቸው ስለ አመታቷ ይነግሩኛል፤ የእኔ ልብ ፓስፖርቷ ላይ ነው። ልጄ 16 ዓመቷ ነው። እኛ ኢትዮጵያውያን ነን፤ እሷም በእናት በአባቷ ኢትዮጵያዊት ናት። ኡጋንዳ ውስጥ መወለድ ብቻውን ኡጋንዳዊ አያደርግም፤ ይሄን እዚህ የወለድን ሁሉ እናውቀዋለን። በሯ ላይ አድርሼ «አንቺ አይመለከትሽም» ቢሏትስ? ከዚያ ይልቅ ከአሁኑ ሱቅ ብትቀመጥ አይሻልም? አባቷም «ጨዋታ ዳቦ አይሆንም» ሲል ከእኔ ይብሳል።

አሰልጣኟን በግልጽ ጠየቅኋቸው። «ዜጋ አይደለችም እኮ» አልኳቸው። «የት ነው የተወለደችው?» አሉኝ። «እዚሁ፣ ካምፓላ።» «እንግዲያው የልደት የምስክር ወረቀቷን አምጪ» አሉኝ፣ በቃ። በዓለም አቀፉ ክሪኬት ምክር ቤት ደንብ አንድ ተጫዋች ለአንድ አገር ለመሰለፍ ከሦስት ነገር አንዱ ይበቃዋል፦ እዚያ አገር መወለድ፣ ወይም የዚያ አገር ፓስፖርት መያዝ፣ ወይም ያለፉትን 3 ዓመታት በተከታታይ እዚያ መኖር። እኔ በዚህ አገር ስንት ዓመት ስነግድ «እዚህ መወለዷ ይበቃል» ያለኝ የመጀመሪያው ደንብ የክሪኬት ሆነ። ሳቄም እንባዬም አንድ ላይ መጣ።

እዚህ ላይ «ለምን ለኢትዮጵያ አትጫወትም?» የሚል አይጠፋም፤ አጎቷም በስልክ ይሄንኑ አለኝ። ኢትዮጵያ የምክር ቤቱ አባል አይደለችም፤ ቡድን የለንም። ቢኖረንስ አጀማመሩ እንዴት እንደሚሆን ልጄ አንድ ታሪክ ነግራኛለች። በጁን 2019 ኪጋሊ ላይ፣ በዘር ማጥፋቱ ያለቁትን ለማሰብ በየዓመቱ በሚደረገው የክዊቡካ ውድድር፣ አዲስ የመጡት የማሊ ልጆች ከሩዋንዳ ጋር ተጫውተው ሁሉም የወጡት በ6 ራን ነው። ስድስት! ሩዋንዳ ያንን በ4 ኳስ ጨረሰችው። በዚያው ሳምንት ኡጋንዳ እነዚሁኑ ልጆች በ304 ራን ልዩነት አሸነፈቻቸው። ዓለም ሳቀባቸው። እኔ አልሳቅሁም፤ መርካቶ መጀመሪያ ቀን የወጣሁ ዕለት የሸጥኩትን አስታውሳለሁ። ሩዋንዳም ብትሆን ከዚያ በኋላ በጃንዋሪ 2023 ከ19 ዓመት በታች በሴቶች የዓለም ዋንጫ ላይ ገብታ ዚምባብዌንና ዌስት ኢንዲስን አሸንፋለች። የሜዳ ነገር ጊዜ ይፈልጋል።

ወረቀቱን ጀምሬዋለሁ። የልደት የምስክር ወረቀቷ ላይ ስሟ በአንድ ፊደል ከፓስፖርቷ ጋር አይገጥምም፤ እንደ እኛ ስም በላቲን ስንት ዓይነት እንደሚጻፍ ታውቁታላችሁ። ልጆች ያላችሁ፣ ክሪኬት ባይሆን እንኳ ለትምህርት ወይም ለቪዛ ይመጣልና፣ ሁለቱን ወረቀት ዛሬ አውጥታችሁ ጎን ለጎን አስተያዩ። ፊደል ካልገጠመ ልጁ ትንሽ ሳለ ማስተካከሉ ይቀላል። የፓስፖርቷንም ቀን እዩ፤ የእሷ ሊያልቅ ሰባት ወር ነው የቀረው።

ከአባቷ ጋር የተስማማነው እንዲህ ነው፦ ቅዳሜ ጠዋት እስከ አራት ሰዓት ሱቁን ትከፍታለች፣ ከዚያ ትሄዳለች፤ እሱ ይቀመጣል። እሱ ሂሳብ ላይ ዘገምተኛ ነው፤ ደንበኞቼ ታገሡት። እኔ የሙከራው ዕለት ናይሮቢ ዕቃ ስለምቀበል አልገኝም፤ አሰልጣኟ ደውለው ይነግሩኛል።

አንድ ነገር ደግሞ ልጠይቃችሁ። ዱባይና ሻርጃ የምትመላለሱ፣ እዚያ የክሪኬት ዕቃ ብዙ ነው ይባላል። የመቺ ጓንት፣ የቀኝ እጅ መቺ፣ ለሴት ልጅ የሚሆን፣ እና ከታች ሹል ያለው የክሪኬት ጫማ 39 ቁጥር። ካምፓላ የጠየቁኝ ዋጋ ሩብ ኩንታል ቡና ያስገዛል። በሻንጣችሁ ጥግ ላይ ቦታ ካላችሁ ዋጋውን ብቻ ጠይቃችሁ ንገሩኝ፤ እኔ እዚህ ለእናንተ በርበሬ አስቀምጣለሁ።