ሰሙ ሲለቅ

ዛሬ ራቅ ወዳለ ቦታ ይዣችሁ ልሄድ ነው። ካሪቢያን ባሕር! «ደሞ አንቺ እዚያ ምን ልትሠሪ?» እንዳትሉኝ። ለሽርሽር አይደለም የሄድኩት፤ በሞግዚትነት ነው። አሠሪዎቼ ሁለት ልጆች ያሏቸው አውሮፓውያን ባልና ሚስት ነበሩ። አገራቸው በረዶ ሲገባ ቤታቸውን ዘግተው በሸራ ጀልባቸው ከደሴት ደሴት ይዞራሉ። እኔም ልጆቹ ባሕር ውስጥ እንዳይወድቁ እየጠበቅሁ፣ ራሴን ደግሞ እያስመለሰኝ አብሬ እዞራለሁ። እንጦጦ ሥር ላደገ ሰው ማዕበል ምኑ ነው!

አንድ ቀን ከአንቲጋ ተነስተን ሴንት ኪትስ ደረስን። ትንሽዬ ደሴት ናት። ከጎረቤቷ ከኔቪስ ጋር አንድ አገር ሆና በ1983 እ.ኤ.አ. ነፃነቷን አግኝታለች። መሐሏ ላይ አናቱን ደመና የሚጋርደው ትልቅ ተራራ አለ። ከተራራው ግርጌ እስከ ባሕሩ ድረስ ያለው መሬት ለዘመናት የሸንኮራ አገዳ እርሻ ነበር። ያለሙት ደግሞ ከአፍሪካ በባርነት የተጋዙ ሰዎች ናቸው። ባርነት በብሪታንያ ቅኝ ግዛቶች የተሻረው በ1834 እ.ኤ.አ. ነው፤ የስኳሩ ሥራ ግን እስከ 2005 እ.ኤ.አ. ዘልቆ ነው የተዘጋው።

ማዳም ለጨርቅ ሟች ናት። ገና መልህቅ ሳንጥል «ባቲክ የሚሠራበትን ቤት ሳላይ ከዚህ ንቅንቅ አልልም» አለች። ከዋና ከተማው ከባሴቴር ታክሲ ይዘን፣ ባሕሩን በግራ በኩል እያየን ኦልድ ሮድ ወደምትባል መንደር ሄድን። ከዚያ ሽቅብ ወደ ጫካው ስንወጣ ሮምኒ ማነር የሚባል የድሮ ስኳር ጌቶች ግቢ ተገኘ። ግቢው ውስጥ መቶ ዓመታትን የቆጠረ የሳማን ዛፍ ቆሟል። ዙሪያውን የዘረጋው ጥላ የኛን አገር ዋርካ አስታወሰኝና ሆዴ ባባ። ድሮ ጌቶች በሚንጎራደዱበት በዚህ ግቢ ውስጥ ካሪቤል ባቲክ የሚባለው ሥራ ቤት ለበርካታ ዓመታት ሲሠራ ኖሯል።

ባቲክ ዝናው የኢንዶኔዥያ ነው፤ በተለይም የጃቫ። አሠራሩ እንዲህ ነው። ነጭ ጥጥ ጨርቅ ይዘረጋል። ሠራተኛዋ ትንሽ የመዳብ አፍ ባላት ብዕር መሰል ዕቃ የቀለጠ ሰም ትቀዳና ነጭ ሆኖ እንዲቀር የምትፈልገውን ቦታ ትስልበታለች። ከዚያ ጨርቁ ፈዘዝ ካለው ቀለም ውስጥ ይነከራል። ሰም ያለበት ቦታ ቀለም አይጠጣም። እንደገና ሰም፣ እንደገና ጠቆር ያለ ቀለም... እንዲህ እያለ ይቀጥላል። መሐል ላይ ብታዩት ጨርቁ የቆሸሸ የወጥ ቤት ጨርቅ ነው የሚመስለው! መጨረሻ ላይ የፈላ ውኃ ውስጥ ሲገባ ሰሙ ይለቅና የተደበቀው ቀለም ሁሉ አንድ ጊዜ ወለል ይላል። እኔም በልቤ «ይሄማ የኛው ሰምና ወርቅ ነው!» አልኩ።

ቱሪስቱ ከቦ ያያል፣ ፎቶ ያነሳል፣ ይገዛል። ሠራተኞቹ ቀና ብለው በኩራት ያስረዳሉ። ይሄኔ ትንሿ ልጅ፣ የስድስት ዓመቷ፣ ጣቷን ቀስራ «ጨርቁን ግን ማን ሠራው?» ብላ ጠየቀች። ሴትየዋ ሳቀችና «እኛ ቀለሙን ነው የኔ ቆንጆ፤ ጨርቁን የሚሠራው ሸማኔ ነው» አለቻት። ልጅቷ ወደ እኔ ዞረች። «ሸማኔ ምንድነው?»

ውድ አንባቢያን፣ እውነቱን ልንገራችሁ። አባዬ ሸማኔ ነው። ከዶርዜ መጥቶ ሽሮ ሜዳ ላይ ጉድጓድ ቆፍሮ፣ እግሩን ጉድጓዱ ውስጥ አስገብቶ፣ መወርወሪያውን ከግራ ቀኝ እያመላለሰ ነው ያሳደገኝ። ተማሪ ቤት ግን «ቁጢት በጣሽ» የሚለውን ስድብ ስለምፈራ አባቴ ነጋዴ ነው እል ነበር። አሥረኛ ክፍል ሳለሁ አንድ ቀን ከጓደኞቼ ጋር ስመጣ ሸማውን ታቅፎ ወደ ገበያ ሲሄድ አየሁት። አንገቴን ደፍቼ አለፍኩት። ሰላም እንኳ አላልኩትም።

እዚያ ደሴት ላይ፣ የሰው ልጅ እንደ ዕቃ በተሸጠበት አገር፣ የእነዚያ ሰዎች የልጅ ልጆች በእጃቸው ሥራ ቀና ብለው ሲያወሩ እኔ ምን ልበል? «ሸማኔ ማለት... አባቴ ነው» አልኳት። ማዳም ዞር አለች። ድሩ እንዴት እንደሚወጠር፣ ማጉ እንዴት እንደሚገባ፣ ነጠላ ሁለት ድርብ፣ ጋቢ አራት ድርብ መሆኑን በተሰባበረ ቋንቋ አስረዳኋት። የባቲኳ ሴትዮ ሳትቀር ሰም መቅዳቱን ትታ አዳመጠችኝ። ማዳም «ሁለት ዓመት አብረሽን ስትኖሪ ለምን አልነገርሽንም?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

አገሬ ስመለስ ሻንጣዬን እንኳ ሳልፈታ አባዬ አጠገብ ቁጭ አልኩ። ዓይኑ ደክሟል፤ ክሩ ሲበጠስበት በእጁ እየዳበሰ ነው የሚቀጥለው። «አባዬ፣ ያኔ መንገድ ላይ አይቼህ ያለፍኩህ...» ብዬ ሳልጨርስ «አውቃለሁ» አለኝ። እጁ ሥራውን አላቆመም። «ከዚያ ወዲህ እኮ ዩኒፎርም ሳይ እኔው ነበርኩ መንገድ የምሻገረው። እንዳታፍሪ ብዬ።»

አለቀስኩ። እሱ ግን «በይ ባክሽ፣ ማጉ እንዳይረጥብ!» ብሎ አሳቀኝ።

እናንተስ? አባትሽ ምን ይሠራል ስትባዪ፣ እናትህ ምን ትሸጣለች ስትባል፣ ምን ትመልሳላችሁ? ሊስትሮም ይሁን ጉልት፣ ሸክላም ይሁን ሸማ፣ የበላነው እንጀራ ከዚያ ነው የመጣው። እኔ እንድማር ካሪቢያን ድረስ መሄድ ነበረብኝ። እናንተ ግን ዛሬ ማታ ቤት ስትገቡ አጠገባቸው ቁጭ በሉና ሥራቸውን ጠይቋቸው። ሰሙ ሲለቅ የሚታየውን ቀለም ያኔ ታዩታላችሁ።