መች ራባት?

ከሦስት ዓመት በፊት እናቴ ከደብረ ብርሃን ስትመጣ አንዲት ጤና አዳም በወተት ጣሳ ተክላ አመጣችልኝ። ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ምን ጓሮ አለ? በረንዳው ጥግ አስቀመጥኳት። ቡና በተፈላ ቁጥር አንድ ዘለላ ቀንጥሼ ስኒው ውስጥ ጣል ሳደርግ፣ የእናቴ ደጅ ቤቴ ድረስ የመጣ ይመስለኝ ነበር።

ባለፈው ግንቦት መገርጣት ጀመረች። የታች ቅጠሎቿ ቢጫ ሆኑ። ውሃ ሳጠጣት ወዲያው ከሥር ይንጠፈጠፋል፤ ከሰዓት በኋላ ተመልሳ ትጠወልጋለች። የታሰበኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ርቧታል። የቡና አተላ ደፋሁባት። የእንቁላል ቅርፊት ፈጭቼ ነሰነስኩላት። አልሆን ሲል፣ አንድ ዘመዴ ለእርሻው ከገዛው ላይ የሰጠኝን ዩሪያ ማዳበሪያ አንድ እፍኝ በትኜ ውሃ አጠጣኋት። በአራተኛው ቀን የቅጠሎቿ ጫፍ እሳት እንደነካው ሆነ።

ቆይቼ ሒሳቡን ስሠራው ልቤ አዘነ። ለጤፍና ለስንዴ ለብዙ ዘመን ሲመከር የኖረው በሄክታር 100 ኪሎ ዳፕና 100 ኪሎ ዩሪያ ነበር። 100 ኪሎ ለ10,000 ካሬ ሜትር ሲካፈል ለአንዱ ካሬ 10 ግራም ይደርሰዋል። አፉ 15 ሳንቲሜትር ለሆነ ጣሳ ደግሞ 0.2 ግራም እንኳ አይሞላም፤ በሁለት ጣት ከምንቆነጥረው ጨው ያነሰ ነው። እኔ የበተንኩት ከመቶ እጥፍ በላይ ነበር። ማሳ ላይ ዝናቡ ያሰርገዋል፣ ሥሩም ወደ ጎን ይሸሻል። ጣሳ ውስጥ መሸሻ የለም። ማዳበሪያ እንደ ጨው ነው፤ ሲበዛ ከሥሩ ውሃ መልሶ ይስባል። ተክሏ እርጥብ አፈር ውስጥ ቆማ ትጠማለች።

እናቴ ጋ ደወልኩ። ዝም ብላ ሰማችኝና «እሷ መች ራባት ልጄ? ጠበባት እንጂ። እስቲ ገልብጠሽ እያት» አለችኝ።

ይህን ቃል እስካሁን አስበዋለሁ። የኛ ፍቅር ማጉረስ ነው። እንግዳ ሲመጣ፣ ሰው ሲከፋው፣ ልጅ ዝም ሲል እናጎርሳለን። ገልብጦ ሥሩን ማየት ግን ያስፈራል፤ ብትሞትብኝስ ያሰኛል። እኔም ሦስት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን አላየኋትም።

ስገለብጣት አፈር አልቋል ማለት ይቻላል። ሥሩ የጣሳውን ግድግዳ ይዞ፣ እንደ ሰፌድ ዙር በዙር ተጠማጥሟል። ውሃው ወዲያው የሚያልፈው የሚይዘው አፈር ስላጣ ነው።

ትልቅ ባልዲ ልገዛ ስል እናቴ ከለከለችኝ። ሥር ያልደረሰበት አፈር ውሃ አቁሮ ያበሰብሳል፤ በየዙሪያው ሁለት ሦስት ሳንቲሜትር የሚሰፋ ይበቃል። ከሥሩ ጠጠር የማንጠፍ ልማድም ነበረኝ፤ ትቼዋለሁ። ውሃ ከደቃቅ አፈር ወደ ጠጠር በቀላሉ አይወርድም፣ ከላዩ ይቆማል። የሚያስፈልገው ጥሩ ቀዳዳ ነው። አፈሩን ሦስት ጣሳ ቀይ አፈር፣ ሁለት አሸዋ፣ አንድ በደንብ የበሰበሰ ፍግ አድርጌ ቀላቀልኩ። ለሌላ ተክል ፍጉን እጨምር ነበር፤ ጤና አዳም ግን ድንጋያማ መሬት ላይም የምትበቅል ናት። ጥቁር አፈር ብቻውን አይሆንም፤ ሲርስ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል።

ዩሪያ የነካውን አፈር አራግፌ ሥሯን አጠብኩ፣ የተጠመጠመውን በጣቴ ፈታሁ፣ የደረቀውን ቆረጥኩ። (ጓንት አድርጉ። የጤና አዳም ፈሳሽ ቆዳ ላይ ሆኖ ፀሐይ ካገኘው ውሃ ያስቋጥራል፤ ብዙ ሰው ይህን አያውቅም።) ሰኔ ገብቶ ስለነበር ደመናው ረዳኝ። አንድ ሳምንት ጥላ ሥር አቆየኋት፣ ስድስት ሳምንት ያህል ምንም ማዳበሪያ አልሰጠኋትም። የቆሰለ ሥር መጀመሪያ መዳን አለበት።

ለመስከረም አዲስ ቅጠል ነበራት። ከዳነው ቅርንጫፍ ቆርጬ ያንኑ የወተት ጣሳ አጥቤ ተከልኩበት፤ ያዘ። ሦስተኛ ፎቅ ላለችው ጎረቤቴ ስሰጣት፣ ጣሳውን በሁለት እጇ ተቀብላ «ምን ላብላት?» አለችኝ። ለጊዜው ምንም አልኳት። የዛሬ ሁለት ዓመት ሰኔ ግን ወርጄ አብረን እንገለብጣታለን።