ካሹን አታጥፉት፣ ኤረሩን አንብቡት

ዛሬም ከጃቫስክሪፕት ፓኬጅ መጫኛው ከኤንፒኤም ያው ቀይ ጽሑፍ መጣ፤ «ኢሪዞልቭ» ይላል። መፍትሔ ስትፈልጉም ያው ምክር ተደርድሯል፦ ኖድ ሞጁልስን አጥፋ፣ ቨርዥኖቹን የሚመዘግበውን ሎክ ፋይል አጥፋ፣ ካሹን በፎርስ አጽዳ፣ እንደገና ጫን፣ እምቢ ካለ ሌጋሲ ፒር ዴፕስ ጨምርበት። ይህ ምክር ችግሩን ከመሠረቱ አይፈታም። ጎንደር ቁስቋም ቁጭ ብሎ በሞባይል ዳታ ለሚማር ልጅ ደግሞ ጎጂ ነው።

ኤረሩ የሚለው አንድ ነገር ነው፤ ሁለት ፓኬጆች በቨርዥን አልተስማሙም። እነማን እንደሆኑም እዚያው ጽፎታል። ሪአክት 19 እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2024 ሲወጣ የሆነውን አስታውሱ። በክሪኤት ሪአክት አፕ አዲስ ፕሮጀክት የከፈተ ሁሉ ወደቀ፤ መሣሪያው አዲሱን ሪአክት ያመጣል፣ አብሮት የሚመጣው የቴስቲንግ ላይብረሪ ቨርዥን 13 ግን የሚያውቀው ሪአክት 18ን ነው። ካሹን መቶ ጊዜ ብታጸዱት ቨርዥን 13 ሪአክት 19ን አያውቅም። መፍትሔው ወይ ላይብረሪውን ማሳደግ ወይ ሪአክቱን ወደ 18 መመለስ ነበር። በፌብሩዋሪ 2025 የሪአክት ቡድን ራሱ መሣሪያውን ለአዲስ ፕሮጀክት እንዳንጠቀምበት አስታወቀ። የድሮዎቹ ቪዲዮዎች ግን ዛሬም በእሱ ያስተምራሉ፤ ጀማሪውም የራሱ ድክመት ይመስለዋል።

እኔን ከሁሉ የሚያናድደኝ ግን «አጥፍተህ እንደገና ጫን» የሚለው ነው። ይህን የጻፈው ኢንተርኔት እንደ አየር የሚያገኝ ሰው ነው። እኛ ሰኔ 23 ቀን 2012 ኢንተርኔት በአገሩ በሙሉ ሲዘጋ ሦስት ሳምንት ገደማ ቆይተናል። ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ጠፍቷል። ከቁስቋም እስከ ማራኪ፣ ከማራኪ እስከ አዘዞ፣ ኮድ የጀመረ ልጅ ሁሉ ትምህርቱ በአንድ ሌሊት ቆመበት። የወረደ ፓኬጅ ንብረት መሆኑን ያኔ ነበር መማር የነበረብን። ኤንፒኤም ያወረደውን ሁሉ በካሽ ያስቀምጣል፤ ከቨርዥን 5 ጀምሮም የተበላሸ ፋይል ካገኘ ራሱ ለይቶ እንደገና ያመጣዋል። ካሽ ማጽዳት የዲስክ ቦታ ለጠበበው ነው። ለኢሪዞልቭ ምንም አይፈይድም፤ በብር የተገዛ ዳታ መጣል ብቻ ነው።

«ሌጋሲ ፒር ዴፕስ ስጨምር ግን ይሠራል» ትሉኛላችሁ። አዎ፣ አንዳንዴ ይሠራል። ኤንፒኤም ከቨርዥን 3 እስከ 6 ድረስ እንዲህ ያለውን አለመግባባት አስጠንቅቆ ያልፍ ነበር፤ በኦክቶበር 2020 የወጣው 7 ነው እምቢ ማለት የጀመረው። ያቺን ቃል ስትጨምሩ ወደ ድሮው ጠባይ ትመልሱታላችሁ፤ አለመግባባቱ ግን ሎክ ፋይሉ ውስጥ ተመዝግቦ ይቀራል፣ ከወራት በኋላም ሌላ ሰው እጅ ላይ ይፈነዳል። አንብባችሁ፣ ግጭቱ የማይነካችሁ መሆኑን አውቃችሁ ከሆነ ተጠቀሙባት። ሳታነቡ ግን አይሆንም።

«ሎክ ፋይል አሮጌ ቨርዥን ላይ ያስቀረናል፣ አዲሱ ይሻላል፣ የደኅንነት ጥገናም አለው» የሚለው ከባዱ ተቃውሞ ነው፤ እውነትም አለበት። ነገር ግን በሴፕቴምበር 2025 ቾክ እና ዲበግ የተባሉት እጅግ የተስፋፉ ፓኬጆች ውስጥ ተንኮለኛ ኮድ ሲገባ፣ ለሰዓታት አደጋ ላይ የወደቀው በዚያች ሰዓት አዲሱን ያወረደ ነው። ከዚያ በፊት በተጻፈ ሎክ ፋይል፣ እሱን ብቻ በሚከተለው የ«ኤንፒኤም ሲአይ» ትእዛዝ የጫነ አልተነካም። ማሳደግ ያስፈልጋል፤ ግን አስባችሁበት፣ አንድ በአንድ፣ ማሳደጊያ ቀን መርጣችሁ እንጂ ኤረር ባስደነገጣችሁ ቁጥር አይደለም።

የምታስተምሩ ወንድሞችና እህቶች፣ እባካችሁ ሎክ ፋይሉን ጊት ላይ አስገቡት፤ የኖድ ቨርዥኑንም ጻፉላቸው። ክፍል ውስጥ አንድ ሰው አውርዶ የኤንፒኤም ካሽ ፎልደሩን በፍላሽ ያካፍላቸው፤ ልጆቹ በዚያው ሎክ ፋይል «ኤንፒኤም ሲአይ» ላይ «ኦፍላይን» ጨምረው ያለ አንድ ሜጋባይት ይጭናሉ።