ከኮርቻው በፊት ኮቴው

ውድ አንባብያን፣ በተለይም ከሥራ ውላችሁ ወደ ልጆቻችሁ የምትጣደፉ እናቶች፣ በዚህ የቤተሰብ ገጽ ላይ ስለ መኪና ሞተር የሚያወራ ጽሑፍ ስታዩ «ይህችን ደግሞ ምን ነካት?» ሳትሉ አልቀራችሁም። አልፈርድባችሁም። ስለ ሕፃናት አመጋገብና ስለ ጓዳ በሚነገርበት ቦታ የተቃጠለ ዘይት ሽታ ይዞ መምጣት እንግዳ ነገር ነው። ይሁን እንጂ የምነግራችሁ ነገር የደረሰው በእናቴ፣ በልጄና በእኔ ላይ ስለሆነ የቤተሰብ ጉዳይ ነው። ጥፋቱም የሌላ የማንም ሳይሆን የራሴ ነው።

ተወልጄ ያደግሁት በመንዝ፣ በቀየት ነው። አገሬ ገብስና በግ የሚበዛበት ደጋ ነው። ሴቶች ሱፍ ይፈትላሉ፤ ወንዶች ባናና ዝተት ይሸምናሉ፤ ነፋሱም አጥንት ድረስ ይዘልቃል። በልጅነቴ በሰፈራችን ትልቅ ሰው የሚታወቀው በበቅሎው ነበር። ለሥራ አዲስ አበባ ከገባሁ በኋላ ግን ልቤን የወሰደችው በቅሎ ሳትሆን ቮልስ ሆነች። ጠዋት ጠዋት ከጎረቤት ግቢ ስትነሣ የምታሰማው ያ ቱር ቱር የሚል ድምፅ እንደ ሙዚቃ ይጥመኝ ነበር። በ2006 ዓ.ም. ዕቁብ ሲደርሰኝ ባለቤቴ የጎደለውን ሞላልኝና በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1968 የተሠራች ባለ 1300 ቮልስ ገዛሁ። በዕድሜ ታላቄ ናት።

«ቮልስ እኮ የስፖርት መኪና አይደለችም፤ ምኗ ነው እንዲህ የሚያስደስትሽ?» የሚሉኝ ብዙዎች ናቸው። እርግጥ ነው፣ ስሟ በጀርመንኛ «የሕዝብ መኪና» ማለት ነው፤ የታሰበችውም ለተራው ቤተሰብ ነው። ነገር ግን ንድፏን ያወጣው ፈርዲናንድ ፖርሼ ሲሆን፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1948 ኦስትሪያ ውስጥ በቤተሰቡ ስም የተሠራው የመጀመሪያው የስፖርት መኪና ሞተሩንና መሪውን የተበደረው ከዚህችው ከቮልስ ነው። በምሥራቅ አፍሪካ አስቸጋሪ መንገዶች ላይ በሚካሄደው የሳፋሪ ውድድርም በ1954፣ በ1957ና በ1962 ያሸነፈችው ቮልስ ናት። ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርታ የመጨረሻዋ ከሜክሲኮው ፋብሪካ የወጣችው በ2003 ነው። እንግዲህ ትንሽ ናት ብላችሁ አትናቋት።

ፍቅር ግን ዓይን ያሳውራል። በከተማችን ቮልስ ወዳጆች ብዙ ናቸው፤ ሁለት ዓይነት ቀለም የተቀባች፣ ፓራውርቷ እንደ መስተዋት የሚያበራ፣ ሰፋፊ ጎማ የተገጠመላት፣ መሬት ልትነካ ዝቅ ያለች ቮልስ ባየሁ ቁጥር የእኔዋ የደኸየች ይመስለኝ ነበር። ለበዓልና ለልጆች ልብስ ብዬ ካስቀመጥሁት እየቀነስሁ ሰፊ ቸርኬና ጎማ ገዛሁላት። ድምፁ ደመቅ ያለ ማርሚታ አስገጠምሁ። ሞተሩ ጎልቶ እንዲታይም በዙሪያው ያሉትን አሮጌ ላሜራዎችና ጎሚኒዎች አስወጣሁ።

ቮልሷን የሚያዩልኝ ሽማግሌ መካኒክ ይህን ሁሉ አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ልጄ፣ ቺንጋው ተሰነጣጥቋል። አንድ አዲስ አስገቢ፣ አንድ ደግሞ መለዋወጫ ያዢ» አሉኝ። «በሚቀጥለው ወር ጋሼ» አልኋቸው። ለቸርኬ ገንዘብ ያላጣሁ ሰው ለቺንጋ አጣሁ።

ከዚያ በ2009 ዓ.ም. በግንቦት ወር ወንድሜ ደወለ። እናቴን ብርድ መትቷት ትንፋሽ አጥሯታል። ባለቤቴ ለሥራ ክፍለ ሀገር ወጥቶ ስለነበር የዘጠኝ ዓመቱን ልጄን ይዤ በሌሊት ተነሣሁ። ደብረ ብርሃንን አልፈን ጣርማ በር ላይ ወደ መንዝ ታጠፍን። ዳገቱ ሲበረታ ቮልሷ አቃሰተች፤ ጥቁር ጭስ አወጣች። ከባሕር ወለል በላይ 3,000 ሜትር ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠረፍ ጋር ሲነጻጸር 70 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ከፋብሪካ 40 የፈረስ ጉልበት ይዛ የወጣች ሞተር እዚያ ስትደርስ የሚቀራት 28 ገደማ ነው። ይህን ያን ጊዜ አላውቅም ነበር፤ ሰፊው ጎማ ደግሞ ሸክም ሆነባት።

እናቴን ከፊት ወንበር አስቀምጠን በባና ጠቀለልናት። ልጄ ከኋላው ወንበር በስተጀርባ ባለችው ጎድጓዳ ቦታ ተኮራመተ። የቮልስ ልጆች ሁሉ ያችን ቦታ ይወዷታል፤ ዛሬ ግን እዚያ አላስቀምጠውም፤ መታጠቂያ የላትምና። ወደ ደብረ ብርሃን ሆስፒታል ጉዞ ጀመርን። አንድ ሰዓት ያህል እንደሄድን ከሰዓቱ መስኮት ውስጥ ቀይ መብራት በራች። «ባትሪ አልሞላ ብሎ ነው፤ ደብረ ብርሃን ያደርሰናል» ብዬ ነዳሁ።

ውድ አንባብያን፣ በሕይወቴ ከሠራኋቸው ስሕተቶች ይህ ዋነኛው ነው። ቮልስ ውሃ የላትም፤ ሞተሯ የሚቀዘቅዘው በአየርና በዘይት ነው። አየሩን የሚነፋው ማራገቢያ የተገጠመው ከዲናሞው ዘንግ ላይ ሲሆን፣ ሁለቱንም የሚያዞረው ያው አንድ ቺንጋ ነው። ቺንጋው ሲበጠስ ዲናሞው ይቆማል፤ ቀይዋ መብራት ትበራለች፤ ማራገቢያውም አብሮ ይቆማል። ያች መብራት «ባትሪ» ሳይሆን «አሁኑኑ ቁሚ!» ማለቷ ነበር። እኔ ግን ጥቂት ኪሎ ሜትር ነዳሁ። መጀመሪያ የተቃጠለ ዘይት ሸተተኝ፤ ቀጥሎ ሞተሩ አንድ ጊዜ አጓርቶ ደረቀ።

ያ ሜዳ ዛፍ የለው፣ ቤት የለው። ነፋሱ በመስኮቱ ስንጥቅ ያፏጫል። እናቴ ዓይኗን ጨፍና ትንፋሿን በስንት መከራ ትስባለች። ልጄ «እማዬ፣ አያቴ ልትሞት ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። መልስ አልነበረኝም። የሚያብረቀርቀውን ቸርኬ አየሁት፤ በዚያች ሰዓት ቸርኬው ለአንድ ቺንጋ ቢለወጥልኝ ብዬ ተመኘሁ።

ከሁለት ሰዓት በላይ ቆይቶ በግ የጫነ አይሱዙ ደረሰ። ሾፌሩ ወርዶ «አይዞሽ እህቴ» አለኝ፤ እናቴንም «እማማ፣ በርታ ይበሉ፣ እናደርስዎታለን» ብሎ እንደ ሕፃን አቅፎ ወደ ጋቢናው አወጣት። ቮልሷን ለሁለት እረኞች አደራ ሰጥተን ሄድን። ማታ ያያት ሐኪም «ሌሊቱን ሜዳ ላይ አድራችሁ ቢሆን ኖሮ አስቸጋሪ ነበር» አለኝ። ከዚያ ወዲያ ሌላ ማብራሪያ አልጠየቅሁም።

በአራተኛው ቀን እናቴ ሻል ሲላት ሁሉንም ነገርኋት፤ አለቀስሁም። ዝም ብላ ሰማችኝና «ልጄ፣ አባትሽ በቅሎ ሲገዛ መጀመሪያ ምኗን ነበር የሚያየው?» አለችኝ። «ኮቴዋን» አልኋት። «እህ! ኮርቻውንማ ከገዛት በኋላ በቀስታ ያሰፋላታል። አንቺ ኮርቻ ገዝተሽ መጣሽ» አለችኝ።

ቮልሷ ሰባት ወር ቆመች። ፒስተኖቹ ከሲሊንደሮቹ ጋር ተጣብቀው ነበር። ለማሠሪያው ያ የተመኘሁትን ቸርኬና ጎማ ሸጥሁ። መካኒኩን ግን አንድ ነገር ለመንኋቸው፤ «ጋሼ፣ ሲሠሩ አጠገብዎ ቆሜ ልይ» አልኋቸው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አሮጌ ቱታ ለብሼ እሄድ ጀመር። መጀመሪያ የጋራዡ ልጆች ሳቁብኝ፤ በሦስተኛው ሳምንት ካቻቢቴ አቀብዪን አሉኝ፤ በሁለተኛው ወር ካንዴላ ራሴ ፈታሁ።

ከተማርሁት ጥቂቱን ላካፍላችሁ። ቺንጋውን በአውራ ጣት ስትጫኑት አንድ ሣንቲ ሜትር ተኩል ያህል መርገብ አለበት፤ ከዚያ በላይ ከላላ ያንሸራትታል፤ በጣም ከተወጠረም የዲናሞውን ኩሽኔታ ይበላል። ለመለወጥ የሚያስፈልገው አንድ 21 ቁጥር ቁልፍና አንድ ካቻቢቴ ብቻ ነው። ዛሬ በሩብ ሰዓት እለውጠዋለሁ። ዘይቷ ሁለት ሊትር ተኩል ብቻ ነው፤ እንደ ሌሎቹ መኪናዎች የሚጣል ፊልትሮ የላትም፣ የሽቦ ወንፊት ብቻ ነው ያላት። ስለዚህ በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ ዘይቱን መለወጥ ግድ ነው። የቫልቮላውም ክፍተት ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ቀዝቅዞ ሳለ ይለካል፤ ለእኔዋ 0.15 ሚሊ ሜትር ነው። ለውበት ብዬ ያስወጣኋቸው ላሜራዎችና ጎሚኒዎችም ተመልሰው ገቡ። ሥራቸው ለካ የሞቀው አየር ተመልሶ በማራገቢያው እንዳይሳብ መከልከል ኖሯል። እኔ ቆሻሻ ብዬ የጣልሁት የሞተሩ ሳንባ ነበር።

ከሁሉ በላይ ግን እናቶች ሆይ፣ የቤንዚን ጎማዎቹን እዩ። በሞተሩ በላይ የሚያልፉት እነዚያ ቀጫጭን ቧንቧዎች በሙቀት ይደርቃሉ፣ ይሰነጠቃሉ፤ የሚያንጠባጥቡትም በጋለ ብረት ላይ ነው። ብዙ ቮልስ በእሳት የሚጠፋው በዚህ ነው። ዋጋቸው ከአንድ ኪሎ ቡና አይበልጥም። ልጅ የምታሳፍሩበት መኪና ውስጥ የእሳት ማጥፊያ ሳይኖር ሬዲዮ አታስገቡ።

ይህን ስል ግን «መኪናችሁን አታሳምሩ» ማለቴ አይደለም። ማሻሻል ደስታ ነው፤ እኔም አልተውሁትም። ቅደም ተከተሉን ግን አስተካከልሁ። መጀመሪያ የምትቆምበትን፣ ቀጥሎ የምትቀዘቅዝበትን፣ ከዚያ የምትሄድበትን፣ በመጨረሻ የምታምርበትን። የፍሬኑን ሸራ አስለወጥሁ፤ ሁለት ዓመት አጠራቅሜም ለፊት እግሮቿ የዲስክ ፍሬን አስገባሁ። ለደጋው አየር እንድትስማማ በካርቡራተሩ ውስጥ ቤንዚን መጥና የምታሳልፈውን ባለቀዳዳ ናስ ጠበብ ባለ ቀዳዳ አስለወጥሁ፤ ጥቁሩ ጭስ ቀረ፤ ቤንዚኑም ተቆጠበ። ቁልቁል ወደ ቆላ ስወርድ የቀድሞውን መልሼ እገጥማለሁ፤ ምክንያቱም አየር በሚበዛበት ቦታ ቤንዚን ካነሰ ሞተሩ ይግላል። አሜሪካ ውስጥ በካሊፎርኒያና በሜክሲኮ በረሃ ቮልስ የሚያሽቀዳድሙ ሰዎች መኪናቸውን ከፍ ያደርጋሉ እንጂ ዝቅ አያደርጉም። የመንዝ ድንጋይም የሚፈልገው ይህንኑ ነውና «ዝቅ እናድርጋት» የሚለውን የልጄን ልመና እስካሁን አልሰማሁም። ቀለሟን ግን እሱና እኅቱ መረጡ፤ እንደ ወተት ነጭና እንደ ባሕር ዛፍ ቅጠል አረንጓዴ ናት።

በቤታችንም አንድ ደብተር አለ። የተለወጠው ዕቃ፣ የተለወጠበት ቀንና የኪሎ ሜትሩ ቁጥር ይጻፍበታል፤ የቤቱ ወጪም በዚያው ላይ ይሰፍራል። ባለቤቴ ቀድሞ «መኪናሽ ቤታችንን በላችው» ይለኝ ነበር፤ እውነቱን ነበር። አሁን ለቮልሷ በወር የሚመደበው ገንዘብ ከልጆቹ ቀለብና ልብስ በኋላ ይቆረጣል፤ ከዚያ ያለፈ ምኞት ለሚቀጥለው ወር ይተላለፋል። ንትርክም ቀርቷል።

በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገራችን እንዳይገቡ ከተወሰነ ወዲህ፣ በየግቢያችን ያሉት አሮጌ መኪናዎች ከእኛ ጋር ብዙ ዘመን እንደሚቆዩ የታወቀ ነው። እንግዲህ ጠብቀን ካልያዝናቸው ማን ይይዝልናል? «ይህ የወንድ ሥራ ነው» የምትል እህት ካለች፣ በዚያ ሜዳ ላይ ቀይዋ መብራት ስትበራ ከመሪው ኋላ የነበረችው ሴት እንደነበረች ታስታውስልኝ። መብራቷ ሴት ወይም ወንድ ብላ አልመረጠችም።

ስለዚህ አደራዬ ቀላል ነው። በሚመጣው ቅዳሜ ጠዋት፣ ቡናው እስኪፈላ፣ ኮፈኑን ክፈቱ። ልጆቻችሁን ጥሩ፤ ሴቶቹንም ወንዶቹንም። ቺንጋውን በአውራ ጣታችሁ ተጫኑ፤ ዘይቱን ለኩ፤ የቤንዚን ጎማዎቹን በእጃችሁ ዳብሱ። የምታወጡት ገንዘብ የለም፤ እጃችሁ ብቻ ይቆሽሻል፣ በሳሙናም ይለቃል።

እናቴ ዛሬ እርጅና ቢጫናትም በሕይወት አለች። ቀየት በሄድሁ ቁጥር ስመለስ እስከ መኪናዋ ድረስ በከዘራ ትሸኘኛለች። ገብስ ቆሎውን በመስኮት ታቀብለኝና አዲሱን ቀለም ሳታይ፣ ሁልጊዜም አንድ ነገር ብቻ ትጠይቀኛለች።

«ኮቴዋን አይተሻል?»

«አይቻለሁ እማዬ» እላታለሁ። እውነቴን ነው።