አንድ ክንድ የጎደለው አሸንዳ

ሚያዝያ 23 ቀን 2015 ሰኞ ላይ ዋለ። የላብ አደሮች ቀንና የጊዮርጊስ ዓመታዊ ክብረ በዓል ስለተገጣጠሙ ከቅዳሜና እሁድ ጋር ሦስት ቀን እረፍት ተገኘ። ልጆቼን ይዤ ገፈርሳ፣ ወላጆቼ ቤት ገባሁ። ሐሳቤ ማረፍ ነበር። እማዬ ግን ስማኝ ሳትጨርስ ባዶ ጀሪካኖቹን አሳየችኝ። ቧንቧው ከደረቀ 11 ቀን ሆኖታል።

ገፈርሳን ለማያውቅ ሰው ይህ ቀልድ ይመስለዋል። አጥራችን ጥግ ቆሞ ቁልቁል ላየ ግድቡ ያብረቀርቃል፤ ዳር ዳሩን የሚግጡት ዝይዎች ሳይቀሩ ይታያሉ። በ1930ዎቹ ተገድቦ አዲስ አበባን ማጠጣት ሲጀምር የለገዳዲ ግድብ ገና አልተሠራም ነበር። አባዬ ከግድቡ በኋላ ነው የተወለደው። "ይሄ ውኃ እንግዳ ነው" ይላል፣ "እኛ ደጅ ያድርና ሲነጋ ከተማ ይገባል።"

በልጉ ጀማምሮ ስለነበር እማዬ የጣሪያው ውኃ ወደ በርሜል እንዲወርድላት አሸንዳ ፈልጋለች። አባዬ ማታውኑ የጣሪያውን ክፈፍ በሲባጎ ለክቶ ጫፉን ቋጠረ። ሜትር አልነበረንም ማለት አይደለም፤ ሜትር አያምንም።

ቅዳሜ ጧት ቡራዩ ወረድን። መጀመሪያ ወፍጮ ቤት። ጤፉን ተሸክሜ ስወጣ የእማዬ ማስጠንቀቂያ እስከ በር ተከትሎኛል፦ "ከበቆሎ ቀጥሎ እንዳታስፈጭ፣ አደራ!" ከፊታችን ያለው ጆንያ በቆሎ ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ ተራችንን ለኋለኛይቱ ሴትዮ ሰጠን፤ እሷም የያዘችው ሽሮ ነበር፤ እንደገና ሰጠን። እስከ ቅንድቡ ነጭ የለበሰው ፈጪ መጨረሻ ላይ ሳቀብን። አንድ ሰዓት ተኩል ቆመን፣ ዱቄቱ ገና ትኩስ እንዳለ ተሸክመን ወደ ቆርቆሮ ሠሪው ሄድን።

"ጋሼ፣ ስንት ሜትር ልቁረጥ?"

አባዬ ሲባጎውን ዘረጋለት። ሠሪው ላሜራው ላይ አስተኝቶ በሚስማር ጫረ፣ በመቀስ ቆረጠ፣ በብረት ጠርዝ ላይ በእንጨት መዶሻ እየቀጠቀጠ አጠፈው። አባዬ አሸንዳውን ከሚወስድልን ባለ ጋሪ ጋር በኦሮምኛ ተከራክሮ ዋጋ አስቀነሰ። ከክርክሩ መሐል ደጋግሜ የሰማሁት ቃል "ቢሻን" ነበር። የውኃ ነገር ከተነሳ ገፈርሳ ላይ ወሬው አያልቅም።

እሁድ ከቅዳሴ መልስ መሰላል ላይ ወጣን። አሸንዳው አንድ ክንድ ጎደለ። አባዬ ሲባጎውን አስመጥቶ ከአሸንዳው ጋር አስተያየው፤ ልክ ነው። ከክፈፉ ጋር አስተያየው፤ ልክ አይደለም። በኋላ የሰባት ዓመቱ ልጄ አያቱ እግር ሥር የሚጎትታት የጣሳ መኪና ላይ ዓይናችን አረፈ። መጎተቻዋ ከዚያው ሲባጎ የተቆረጠ ነው። ቋጠሮውን ግን አልረሳም፤ ጫፉን መልሶ ቋጥሮታል።

እኔ ልቆጣ ስል አባዬ ከለከለኝ። ባዶ ቢጫ የዘይት ጀሪካን አንስቶ በርዝመቱ ሰነጠቀና ሚስማር በከሰል አግሎ በሳው። የፕላስቲኩ ጭስ ሽታ ግቢውን ሞላው። ከአሸንዳው ጫፍ ጋር በሽቦ ሰፋነውና በርሜሉ ላይ ደረሰ።

ሰኞ ታቦት ለማንገሥ ፒያሳ ሄድን፤ አስኮ ድረስ በአንድ ታክሲ፣ ከዚያ በሌላ። አራዳ ጊዮርጊስ ነጭ በነጭ ሆኗል። አባዬ ቁጥር ይወዳል። ዓድዋ የካቲት 23 ቀን 1888፣ የአፄ ኃይለ ሥላሴ ንግሥ ጥቅምት 23 ቀን 1923፣ እሱም እዚሁ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ፤ "ሁሉም በጊዮርጊስ ቀን" እያለ ለልጆቹ በጣቱ ቆጠረላቸው። ታቦቱ ወጥቶ ሲዞር እልልታው የአባዬን ድምፅ ዋጠው፤ እሱ ግን ማውራቱን አላቆመም። ከምኒልክ አደባባይ ወዲያ የዓድዋ ድል መታሰቢያ ገና በግንባታ ላይ ነበር።

ምሳ እዚያው ፒያሳ ዶሮ ማነቂያ በላን። በዚያች ጠባብ መንገድ ትከሻ ለትከሻ እየተጋፋን ገብተን፣ ለእኔ ጥሬ፣ ለአባዬ በጥርሱ ምክንያት ለስለስ ያለ ጥብስ፣ ለልጆቹም እንደሱ ታዘዘ። እጅ መታጠቢያው ጋ ልጄ ቧንቧውን እስከ መጨረሻው ከፍቶ በሚንፎለፎለው ውኃ ይጫወታል። አባዬ ከኋላው ደርሶ ዘጋበት።

"አባባ፣ ምነው?"

"የኛ ውኃ ነው። ቀስ አድርገህ ክፈተው።"

አስተናጋጁ ሳቀ። አባዬ አልሳቀም።

ማታ ገፈርሳ ስንደርስ ዝናቡ ቀድሞን ነበር። እማዬ ነጠላዋን ጭንቅላቷ ላይ ጥላ በርሜሉ አጠገብ ቆማለች። ላሜራውና ጀሪካኑ የተገናኙበት ቦታ ያንጠባጥባል፤ ሥሩ ድስት አድርጋለታለች። ሌሊት ሁለቱ ድምፆች ተለይተው ይሰሙ ነበር፤ የበርሜሉ ወፍራም፣ የድስቱ ቀጭን። እስኪነጋ በርሜሉ ሞልቶ ፈሰሰ።

በ2016 ዶሮ ማነቂያ ፈረሰ። ጥብስ የበላንበትን ቤት ቦታ ለልጄ ላሳየው ብዬ በኋላ ብሄድ መግቢያው ራሱ ጠፋኝ። አሸንዳው ከነቢጫ ጀሪካኑ እዚያው እማዬ ጣሪያ ላይ አለ፤ ድስቱም ከሥሩ።