ጎልፍ በኮልፌ

ሰሞኑን እኛ ቤት የጎልፍ ሜዳ ሲሠራ ከርሟል። አትሳቁ። ኮልፌ፣ ከአጠና ተራ ትንሽ ዝቅ ብሎ፣ ለአንድ የጌሾ ተክልና ለሁለት ገመድ ልብስ ማስጫ እንኳ በቅጡ በማይበቃ ግቢ ውስጥ ነው ነገሩ የሚካሄደው። ባለ አሥራ ስምንት ጉድጓድ ሜዳ! ሐይቅ አለው፣ ድልድይ አለው፣ ኳስ እንዲቀበርበት ተብሎ ሆን ተብሎ የተቆፈረ አሸዋ አለው። ሁሉም ያለው ግን በእህቴ ልጅ ጠረጴዛ ላይ፣ ጎን ለጎን በተገተሩ ሁለት ስክሪኖች ውስጥ ነው።

ጠረጴዛው የእኔ ነበር። ክፍሉም የእኔ ነበር። ይህን የምለው ቅር ብሎኝ አይደለም። (ብሎኛል።)

ልጁ አርክቴክቸር ተምሮ ከተመረቀ አራተኛ ዓመቱ ነው። ሁለት ቦታ ተቀጥሮ ሁለቱንም ለቀቀ፤ ከዚያ በኋላ አሜሪካን አገር ላለ የጎልፍ ሜዳ ነዳፊ ቢሮ በኢንተርኔት ንድፍ መሥራት ጀመረ። እነሱ በእጃቸው ጫር ጫር ያደረጉትን ይልኩለታል፤ እሱ በልኩና በመጠኑ አድርጎ ይመልስላቸዋል። የእነሱ ቀን የእኛ ሌሊት ስለሆነ ሥራው ሌሊት ነው። ለዚህ ደግሞ በር ያለው ክፍል ያስፈልጋል። እህቴ አንድ እሑድ ቡና አፍልታ ጠራችኝና፣

«ወንድምጋሼ፣ መጽሐፍ እንደሁ አያገባ አይወልድ። ካርቶን ውስጥ ቢያድር ምን ይሆናል?» አለችኝ።

ምን ይመለሳል? ስድስት ኪሎ ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር የሰበሰብኳቸው መጻሕፍት በኢንዶሚ ካርቶን ታሽገው ኮሪደር ላይ ተደረደሩ። የዋንዛው ጠረጴዛ ግን እዚያው ቀረ። በተቀጠርኩ በሁለተኛው ዓመት የሰፈራችን አናጢ የሠሩልኝ ነው። በዚህ ጠረጴዛ ላይ አንድ ትልቅ መጽሐፍ እጽፋለሁ ብዬ ለወዳጅ ለዘመድ ካወጅኩ አሥራ ሁለት ዓመት አልፎኛል። የጻፍኩት ይህንን ዓምድ ነው። እሱንም፣ እውነቱን ልናገርና፣ ወጥ ቤት ቁጭ ብዬ። እንግዲህ የተቀማሁት የሥራ ቦታዬን ሳይሆን የሥራ ቦታ አለኝ የሚለውን ወሬዬን ነው። እሱ ደግሞ ያማል።

ክፍሉን አሁን ብታዩት አታውቁትም። ከጠረጴዛው ሥር መብራት ሲጠፋ እንደ ጫጩት የሚጮህ ባትሪ አለ። ግድግዳው ላይ ወረቀት በወረቀት ነው። መስኮቱ በእናቱ አሮጌ ጋቢ ተሸፍኗል፤ የጎረቤታችን አዲስ ቆርቆሮ ማለዳ ፀሐይ ሲያርፍበት እያንጸባረቀ ስክሪኑን አላሳይ ስለሚለው ነው። ሌሊቱን ሙሉ ሠርቶ ንጋት ላይ ሥራ የሚጨርስ ሰው ቆርቆሮ ጠላቱ ነው። እናላችሁ ልጁ ዓለምን ሲነድፍ የሚውለው፣ ይቅርታ፣ የሚያድረው፣ በጋቢ በተጋረደ መስኮት አጠገብ ነው።

ሥራው ምንድን ነው ብዬ ስጠይቀው ስለ ጨዋታው አንዲት ቃል አልነገረኝም። የነገረኝ ስለ አፈርና ስለ ውኃ ነው። በካርታው ላይ እንደ ሽሩባ የተጎነጎኑት መስመሮች እያንዳንዳቸው እኩል ከፍታ ያለውን መሬት ያያይዛሉ። ሲጠጋጉ ገደል፣ ሲራራቁ ሜዳ። ነዳፊው መስመሮቹን ሲገፋ ኮረብታ ይነሳል፣ ሲስብ ሸለቆ ይጎደጉዳል። ከአንዱ ጋ ተቆርጦ የወጣው አፈር ሌላው ጋ ከሚሞላው ጋር እንዲመጣጠን ይደረጋል፤ አፈር ከውጭ ማስመጣትም ሆነ የተረፈውን መጣል ገንዘብ ነው። ከሁሉ በላይ ግን የዘነበው ውኃ በየት በኩል ሄዶ የት ይተኛል የሚለው ነው ጣጣው። ኮልፌ ላደገ ሰው ይህ የሚገባ ነገር ነው። ክረምት በመጣ ቁጥር የላይኛው ሰፈር ጎርፍ የታችኛውን ሰፈር ወለል ሲጠርግ እያየን ነው ያደግነው።

«ስንት መሬት ይፈጃል?» አልኩት።

«ሙሉው ሜዳ ስልሳ ሄክታር ገደማ፣ ጋሼ።»

በእኛ የድሮ ልክ አንድ ጋሻ ተኩል ማለት ነው። «መሬት ለአራሹ» ሲባል ሕፃን የነበርኩ ሰው ነኝና ጋሻ የሚለውን ቃል ስሰማ ጆሮዬ ይቆማል።

ካርቶን ከፍቼ የራሴን መጽሐፍ ማንበብ ቢሰለቸኝ ጊዜ፣ እነዚህ የጎልፍ ሜዳ ነዳፊዎች እነማን ናቸው ብዬ ማገላበጥ ያዝኩ። ከሁሉም ልቤን የወሰደው ዶናልድ ሮስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1872 ስኮትላንድ፣ ዶርኖክ ውስጥ የግንበኛ ልጅ ሆኖ ተወለደ፤ አናጢነት ተማረ፤ በ1899 አሜሪካ ገባ። ኖርዝ ካሮላይና ውስጥ ፓይንኸርስት የምትባል መንደር ተቀምጦ በስሙ የሚጠሩ አራት መቶ ያህል ሜዳዎች ነደፈ ይላሉ። በዚያ በባቡር ዘመን ይህን ሁሉ ቦታ መርገጥ አይቻልም። ስለዚህ ብዙዎቹን በዓይኑ አላያቸውም፤ የከፍታ ካርታ ይላክለታል፣ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ ይነድፋል፣ ማብራሪያውን በእጁ ጽፎ በፖስታ ይመልሳል፤ ረዳቶቹ ሄደው ያሠራሉ። ልክ እንደ እኛ ልጅ በሉት፤ ልዩነቱ ፖስታውና ጋቢው ነው።

ግን ደግሞ ሮስ አንድ መስኮት ነበረው። በ1925 ያሠራት ቤት እዚያው ፓይንኸርስት ውስጥ፣ ራሱ በነደፈው «ቁጥር ሁለት» በሚባለው ሜዳ፣ ከሦስተኛው ጉድጓድ ጀርባ ነበረች። ይህ ሜዳ በ1907 ተከፈተ፤ ሰውየው በ1948 እስከሞተበት ጊዜ ድረስ ግን መነካካቱን አላቆመም። እዚህ ጋ ትንሽ ከፍ፣ እዚያ ጋ ትንሽ ዝቅ። አርባ ዓመት ሙሉ! በፖስታ ለላካቸው ሜዳዎች ይህን ሁሉ ጊዜ የት ያመጣል? እንደሚመስለኝ ከቤቱ ሲወጣ ጥፋቱ ፊቱ ላይ ድቅን ስለሚልበት ነው።

እንግሊዛዊው ሐኪም አሊስተር ማኬንዚም እንዲሁ የመጨረሻ ዘመኑን ካሊፎርኒያ ውስጥ፣ ራሱ በነደፈው በፓሳቲየምፖ ሜዳ ዳር በሠራት ቤት ነው ያሳለፈው። ዓለም በቴሌቪዥን የሚያየውን የኦገስታን ሜዳ ከቦቢ ጆንስ ጋር የነደፈው እሱ ነው፤ የመጀመሪያው ውድድር ሊካሄድ ሁለት ወር ገደማ ሲቀረው፣ በጥር 1934 ሞተ። ፒት ዳይ የተባለው አሜሪካዊ ደግሞ ወረቀት እምብዛም አይወድም ነበር፤ ቢሮው ሜዳው ራሱ ነው፣ ጭቃ ውስጥ ቆሞ ማሽነሪ ነጂውን «በዚህ በኩል፣ ትንሽ ጨምር» ማለት ነው ሥራው።

የሥራ ቦታን ነገር ካነሳን ሩቅ መሄድም አያስፈልግ። ከእኛ ቤት ወደ ጦር ኃይሎች ወርዳችሁ ወደ ኦልድ ኤርፖርት ብታመሩ፣ በዚያው በአዲስ አበባ ጎልፍ ክለብ አካባቢ የእጅግ የተከበሩ የዓለም ሎሬት አፈወርቅ ተክሌ ቪላ አልፋ አለ። መኖሪያውንም የሥዕል ክፍሉንም ራሳቸው ነድፈው ያሠሩት ነው። የአፍሪካ አዳራሽን 150 ካሬ ሜትር የመስታወት ሥዕል የሠሩ ሰው ብርሃን በየት ገብቶ በየት እንደሚወጣ ቢጨነቁ አይገርምም። ልጁን በዚያ ሳሳልፈው በአጥሩ ላይ አንጋጦ ካየ በኋላ «ጋሼ፣ እርሳቸው ግን ሌሊት አይሠሩም ነበር መሰለኝ» አለኝ።

እኔ ደግሞ በዚህ ሁሉ መሃል የራሴ ጉድ ትዝ አለኝ። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ስንት ዓመት አስተማርኩ! ማንኩሳን ለተማሪዎቼ ስተርክ እዚያ የተወለድኩ ነበር የምመስለው። ስለ መልክዓ ምድሩና ስለ ገጸ ባሕርያቱ ዝምድና አንድ ጥናት ሁሉ አቅርቤያለሁ፤ ተጨብጭቦልኛል። ማንኩሳን በዓይኔ ያየኋት ግን ማስተማር ካቆምኩ በኋላ፣ ከአውቶቡስ መስኮት ነው። ያውም ጎኔ የተቀመጡት አባት «ማንኩሳ ይቺ ናት» ባይሉኝ እያንቀላፋሁ አልፌያት ነበር። ኮልፌን በእግር ያወቋት ማንዴላ ይሻሉኛል፤ በ1954 ዓ.ም. እዚህ ኮልፌ ለውትድርና ሥልጠና መጥተው ጓዝ ተሸክመው ረዥም ጉዞ ተጉዘዋል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ።

አንድ ሌሊት ሻይ ይዤለት ገባሁ። መብራት ጠፍቶ ባትሪው እየጮኸ ነው። ልጁ ግን እጁን አገጩ ላይ አድርጎ ስክሪኑን ያያል።

«ጋሼ፣ ይህን ይዩልኝማ።»

በመስመሮቹ መሃል፣ ወንዝ በምትመስል ሰማያዊ ዳር፣ ትናንሽ ካሬዎች ተበትነዋል። አንዳንዶቹ ዙሪያቸው አጥር ያለ ይመስላል። ወደ ወንዙ የምትወርድ ቀጭን መስመር አለች፤ የእግር መንገድ መሆኗ ያስታውቃል፣ ቀጥ ያለ መንገድ እንዲህ አይጠማዘዝም። ቦታው የት አገር እንደሆነ አልነግራችሁም፤ ልጁ ምስጢር ለመጠበቅ ፈርሟል። አሜሪካ ግን አይደለም።

«ምንድን ናቸው?»

«ቀያሾቹ ያገኟቸው ቤቶች ናቸው። እዚህ ንድፍ ላይ እያንዳንዱ ነገር የራሱ ንጣፍ አለው፤ ዛፍ ለብቻ፣ ውኃ ለብቻ፣ ቤት ለብቻ። ይኼን ንጣፍ አጥፍተህ ላክልን ብለውኛል።»

«እንዴት ነው የሚጠፋው?»

«እንዲህ» አለና አንዴ ጠቅ አደረገ። ካሬዎቹ የሉም። መስመሮቹ ብቻ ቀሩ፤ ለስላሳ፣ ያማሩ። ደግሞ ጠቅ አደረገ፤ ተመለሱ።

ሰዎቹስ ወዴት ሄዱ ወይም ሊሄዱ ነው ብሎ ጽፎ ጠይቋቸዋል። መልሱን አሳየኝ። ጨዋ ደብዳቤ ነው፤ ጥያቄውን አመስግነው፣ ጉዳዩ ግን በባለቤቱ በኩል የሚታይ እንጂ በእነሱ ውል ውስጥ የሌለ መሆኑን ገልጸው፣ ሐሙስ እንዲደርስላቸው ያስታውሳሉ። ከዚህ በላይ ክፉ ነገር የለበትም። ምናልባት ሰዎቹ ተገቢውን ካሳ ተቀብለው ደስ ብሏቸው ወጥተው ይሆናል። ምናልባት።

«ምን ላድርግ ጋሼ?» አለኝ።

ትንሽ ቀደም ብሎ፣ በዚያው ሳምንት፣ ይኸው ልጅ ኒውዮርክ ብሮንክስ ውስጥ በቀድሞ የቆሻሻ መጣያ ላይ ስለተሠራ ሜዳ በደስታ ሲያወራኝ ነበር። ጃክ ኒክላውስ የነደፈው ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2015 ተከፈተ። «ቆሻሻ ክምር ላይ እኮ ሣር አበቀሉ!» አለኝ፤ ወዲያው ግን ዝም አለ። እኔም ዝም አልኩ። የኛ ክፍለ ከተማ ሰው ስለ ቆሻሻ ክምር እንዲህ በቀላሉ አያወራም። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ቆሼ ሲናድ ከ110 በላይ ሰው አልቋል። ብዙዎቹ ከክምሩ ሥር ቤት ሠርተው የሚኖሩ ነበሩ፤ ሕፃናትም አሉበት። በዚያን ሳምንት ሠፈራችን ድንኳን ያልተተከለበት ሰው የሚያውቅ ሰው አልነበረም። እነዚያም ቤቶች በአንድ ካርታ ላይ ትናንሽ ካሬዎች ነበሩ ይሆናል። ወይም ደግሞ በየትኛውም ላይ አልነበሩም።

ይህን ሁሉ የማውቅ ሰው ነኝ። ስለ ድሆች ስንት ዓምድ ጽፌያለሁ፤ ጽሑፎቹን ቆርጠው ያስቀመጡ አንባቢዎች እንዳሉም ነግረውኛል። ታዲያ ልጁ ምን ላድርግ ሲለኝ ምን ያልኩት ይመስላችኋል?

«ሥራህን ሥራ» አልኩት።

ምክንያት አጥቼ አይደለም። እህቴ ጡረታ ላይ ናት። የታናሽ እህቱን የኮሌጅ ክፍያ የሚከፍለው እሱ ነው። እሱ ባያጠፋው ሌላ ቦታ፣ ሌላ ጋቢ በተጋረደበት ክፍል ያለ ልጅ ያጠፋዋል። ይህንን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ነገርኩት፤ በክፍል ውስጥ ድምፄን ከፍ ሳደርግ እንደነበረው ሆኖ ነው የወጣልኝ። እሱ አልተከራከረኝም። ሐሙስ ላከው።

በማግስቱ እሑድ አይደለም እንጂ፣ በቀጣዩ እሑድ ጎልፍ ክለቡ ወዳለበት ሄድን፤ ሜዳ የሚሉትን በቅርብ አይቶ አያውቅምና። እሱ በአጥሩ ዳር እርምጃውን እየቆጠረ፣ አንዳንዴም ቁጢጥ ብሎ ዳገቱን በዓይኑ እየለካ ሲሄድ አንድ ጥበቃ ብቅ አሉና «ምን ጠፍቷችሁ ነው?» አሉን። «ኧረ ምንም፣ አባቴ» አልኳቸው። አላመኑኝም፤ እስክንርቅ ድረስ ቆመው አዩን።

ክፍያው ሲመጣ ልጁ ለእናቱ ነጠላ ገዛ፤ ለራሱ ሌላ ባትሪ ጨመረ። ለእኔ ደግሞ የመጽሐፍ መደርደሪያ አሠራልኝ። ኮሪደሩን ሞልቶ ቆሟል፤ ወደ ሽንት ቤት ስትሄዱ በጎናችሁ ነው የምታልፉት። መጻሕፍቱን ከካርቶን አውጥቼ ደርድሬያለሁ። አመሰገንኩት። ምን እላለሁ?

ከጠረጴዛው በላይ ያለው ግድግዳ ላይ ደግሞ አንድ ወረቀት ተለጥፏል። ካሬዎቹ ያሉበት ነው፤ ከመላኩ በፊት አሳትሞት ኖሯል። ስለ እሱ ምንም አላወራንም ነበር። ትናንት ማታ ሻይ ይዤለት ስገባ መነጽሬን አድርጌ መቁጠር ጀመርኩ።

«አርባ አንድ ናቸው» አልኩት።

«አርባ ሦስት ናቸው፣ ጋሼ። እነዚህን ወንዙ ዳር ያሉትን ሁለት ትንንሾች አልቆጠሩም።»

«እነሱማ ቤት አይደሉም፤ የዶሮ ቤት ይሆናሉ።»

ወንበሩን ወደ ግድግዳው አዙሮ ቀረብ ብሎ አያቸው።

«ወጥ ቤትም ሊሆኑ ይችላሉ» አለኝ።