የስደተኛው ማማዎች
ሎስ አንጀለስ ያደግሁ የስደተኛ ልጅ ነኝ። በልጅነቴ ከሁሉ አብልጬ የምወደውን ስፍራ፣ የዋትስ ማማዎችን፣ ከብዙ ዓመታት በኋላ ሰሞኑን ዳግም ጎበኘሁ። ጣሊያናዊው ስደተኛ ሳይመን ሮዲያ፣ ተራ የግንባታ ሠራተኛ፣ ከ1921 እስከ 1954 (እ.ኤ.አ.) ብቻውን ከብረት፣ ከሲሚንቶ፣ ከሰሐን ስብርባሪ፣ ከጠርሙስና ከዛጎል አነጻቸው። ረጅሙ 30 ሜትር ያህል ነው።

ያኔ የጠርሙሶቹ ቀለም ያስደንቀኝ ነበር፤ ዛሬ ያስደነቀኝ ግን ማማዎቹ እስካሁን መቆማቸው ነው። የከተማው አስተዳደር «አደገኛ ናቸው» ብሎ እንዲፈርሱ አዝዞ ነበርና። ዜጎች ግን ተሟገቱ፤ በ1959 በተደረገው ፍተሻ ማማዎቹ የ10,000 ፓውንድ ጉተታ ቻሉ፤ ከመፍረስም ዳኑ።

ለመሆኑ «ይፍረስ» ለሚል ባለሥልጣን «ማስረጃህ የታለ?» የሚል ዜጋ ባይኖር፣ ከልጅነታችን ምን ይተርፈን ነበር?